ግራዝማች የአባት ስም ሲሆን

ሚስቱ አበዛሽ ከሞተች ወዲህ ፀጋዬን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ልጁ «ባባ» ትለዋለች። ሌዊስቪል በሚሠራበት መጋዘን «ግራዝ» ነው፤ ክሊኒክ ሲሄድ ደግሞ «ሚስተር ግራዝማች»። ሹመቱ በነጻ ነው።

ግራዝማች የነበሩት አባቱ በየነ ናቸው። ሱዳን ስደተኛ ሆኖ ሲመዘገብ የአባቱን ስም ጠየቁት። አባትን በባዶ ስማቸው መጥራት ነውር ነውና ማዕረጋቸውን አስቀደመ። መዝጋቢው የመጀመሪያውን ቃል ጽፎ ብዕሩን አነሳ፤ በየነ እዚያው ቀሩ።

አሁን አባትና ልጅ ለአበዛሽ የመቃብር ድንጋይ ሊያሠሩ ነው። ፀጋዬ ምንም አይሰማውም። ወጡ ጨው ይነሰው ይብዛው አይለይም፤ ቀብሯ ላይ እንኳ እንባ አልወጣውም። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ በራሷ ስም እንድታርፍ።

አርሊንግተን ታሪክ የምታስተምረው ልጁ ሩሐማ እየነዳች፣ «አበዛሽ ግራዝማች ብለን እናስጽፍ፣ ባባ። ሶ፣ ሁላችንም አንድ ስም ይኖረናል» አለች።

«አባቷ ተሻገር ናቸው።»

«አውቃለሁ። ግን ስም ይለወጣል። ቄሳር እኮ ፋሚሊ ኔም ነበር። ማለቴ፣ ኔሮ ሲሞት ዘራቸው ከዙፋኑ ጠፋ። ከዛ የነገሡት ዘመድ እንኳ ሳይሆኑ ስሙን ወሰዱት። ታይትል ሆነ።»

«የእነሱ ስም ማዕረግ ሆነ፤ የእኛ ማዕረግ ስም ሆነ» አለ በመስኮቱ እያየ። ቆይቶም፣ «ስሙ ሲሾም ሰውየው የት ገባ?» አላት።

ቤድፎርድ፣ ድንጋይ ቀራጩ ዘንድ ደርሰው ስለነበር ሩሐማ ፓርክ አደረገች።

ፀጋዬ «አበዛሽ ተሻገር» ብሎ አስጻፈ። ሩሐማም አልተከራከረችም። ድንጋይ ቀራጩ ግን ድንጋዩ የባልና ሚስት መሆኑን ነገረው፤ ቀኙ የእሷ ከሆነ ግራው የእሱ ነው፣ ስሙም አብሮ ስለሚቀረጽ ማን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠየቀው። ግራዝማችን ግራ የገባው ይሄኔ ነው።

«ፀጋዬ» አለ።

ሰውየው አልያዘለትም፤ እንዲደግምለት ጠየቀው።

«ፀጋዬ።»

ስሙን ከሰማው ስንት ጊዜው! አበዛሽ ስትጣላው እንኳ በዚሁ ስም ነበር የምትጠራው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንባው ሳይጠራው መጣ።

ሩሐማ እጁን ይዛ፣ «ላስት ኔሙስ፣ ባባ? ግራዝማች ይበሉ?» አለችው።

«በየነ» አለ። አባቱን በባዶ ስማቸው ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።