ሎሚ የገባበት ናሙና

ወልድያ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ረዳቱ «መርሳ! መርሳ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ባዶ ሚኒባስ ይሞላል። እኔና የአክስቴ ልጅ ሐያት ከፊት ተቀመጥን። ሐያት የማስተርስ ተማሪ ናት፤ የውሃ አሲድነት አንቲባዮቲክ ከብስባሽ ጋር የሚጣበቅበትን ሁኔታ እንዴት እንደሚለውጥ ታጠናለች። እኔ የመጣሁት የናሙናውን ሳጥን ልሸከም ነው። በቤተሰባችን ዲግሪ የሌለው ሰው ሥራ አያጣም።

«ውሃ ልትቀዱ ግራና ድረስ?» አለ ሹፌሩ፣ ጉዳያችንን ስነግረው። «ወልድያ ውሃ ጠፋ እንዴ?»

«ጠፍቷል» አልኩት። ውሸት አልነበረም።

መርሳ፣ 2 ሰዓት። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን በመንገዱ ዳር ተደርድሯል። ባጃጅ እስክናገኝ ሐያት አስተማረችኝ። ውሃው ኮምጠጥ ሲል መድኃኒቱ ብስባሹን ሙጥኝ ይላል፤ ሳሙናና አመድ ሲገባበት ግን ይለቀዋል።

«እንደ ዘመድ ነዋ» አልኳት። አልሳቀችም።

ግራና፣ 3 ሰዓት ተኩል። አባ ሙሄ ዶሮ አርቢ ሽማግሌ ናቸው። የዶሮዎቹን መድኃኒት የሚበጠብጡበትን ዕቃ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ኩሬ ውስጥ ያጥባሉ፤ ሐያትም ኩሬውን የመረጠችው ለዚሁ ነው። ከሰላምታ በኋላ ቀጥታ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ዶሮዎቼ አለቁ ልጄ። ዱሮ መድኃኒቱ በአንድ ቀን ያነሳቸው ነበር። አሁን እጥፉን ብሰጥም ይሞታሉ። የቀሩኝ ስድስት ናቸው። ምን ነክቶት ነው?»

ሐያት ሻይ የመሰለውን የኩሬ ውሃ በጠርሙስ ቀድታ ደጅ ያለው መደብ ላይ አስቀመጠች። ቁርስ ካልበላችሁ ተብለን ገባን። ስንወጣ ውሃው ጠርቷል፤ ከሥሩ ቡናማ ዝቃጭ ተኝቷል።

«አባ ሙሄ፣ ምን አደረጉበት?» አለች ሐያት።

«አፈርኩ ልጄ። እንግዳ ከቤቴ ድፍርስ ውሃ ይዞ ሲወጣ ሰው ምን ይለኛል? ሎሚ ጨመቅኩበት። የምንጠጣውንም ከዚሁ ኩሬ ቀድተን እንዲሁ ነው የምናጠራው፤ ላይ ላዩን እንቀዳለን።»

የሐያት ፊት ተለዋወጠ። ከዚያ ዝቃጩን አፍጥጣ አየችው።

«የታችኛውንስ?»

«ለዶሮዎቹ ነዋ። ውሃ ይደፋል እንዴ?»

ሐያት መደቡ ላይ ተቀመጠች። መድኃኒቱ ከዝቃጩ ጋር ሳይወርድ እንደማይቀር፣ ዶሮዎቹ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲጠጡት በሽታው ሳይለምደው እንዳልቀረ በቀስታ ነገረቻቸው። ናሙናዋን ረስታዋለች።

አባ ሙሄ ዞር ብለው የዶሮዎቹን ውሃ መጠጫ አዩ።

«እንዲያ ከሆነ» አሉ፣ «ስቀልብ የኖርኩት ዶሮ ሳይሆን በሽታውን ነዋ።»

አንጀቴን በሉት። እሳቸው ግን ተነሱ፤ የዶሮዎቹን ውሃ ከነዝቃጩ አነሱና፣ ሮጠን ሳንደርስባቸው ኩሬው ውስጥ ደፉት።