አባቴ የዳሰሷት ድንጋይ

እንጅባራ ለምንሠራው ቤት የፊት ጌጥ ልንመርጥ ከአባቴ ጋር ዳንግላ ወረድን። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረው አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። በሻጩ ግቢ ቅጠልና አበባ የወጣባቸው የኮንክሪት ጌጦች በጉም ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። እኔ ለጣሪያው ጠርዝ የሚሆን፣ የወይን ሐረግ ያለበት ወድጄ ዋጋ ስጠይቅ አባቴ ከአጠገቤ ጠፉ።

ያገኘኋቸው ከፈረሰ ሕንፃ በመጡ ጥቁር ድንጋዮች መካከል ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው አንዷን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ።

«አባባ፣ ምን አገኙ?» አልኳቸው።

«ይህችን የጠረብኳት እኔ ነኝ» አሉ በቀስታ። ጣቴን ይዘው ጠርዟ ላይ ካለች ትንሽ ጎድጓዳ አሳረፉት። «እዚህ ጋ መሮው አዳለጠኝ። እናትሽ በዚያ ስታልፍ ቀና ብዬ ነው።»

ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ።

የኮንክሪቱን ጌጥ ለጣሪያው ገዛሁ፤ ድንጋይዋ ግን ከበሩ በላይ እንድትሆን ተስማማን። በጋሪ ወደ መናኸሪያ ስንሄድ አባቴ እጃቸውን ከላይዋ ሳያነሱ ስለዚያች ቀን አወሩልኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስሟን ሲያነሱ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።