መምህሩ የዘለላቸው ገጾች

ማንበቢያውን፣ መጽሐፍ በመስታወቱ የሚያሳየውን የኤሌክትሮኒክ ዕቃ፣ ትታልን የሄደችው እኔ ቤት ከርማ ጉዞዋን የቀጠለች ልጅ ናት። ስትሰጠኝ «ለሁላችሁም ነው» አለችኝ። እኔም ቃሏን አጥብቄ ያዝኩ።

ውስጡ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ እሱም ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ የገባ። የአንዲት መበለትና የአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ታሪክ ነው። ፊደሉ የሰሊጥ ፍሬ ያክላል። ለማጉላት ስትሞክር ገጹ ከመስታወቱ ወጥቶ ይሄዳል፤ ግማሽ ዓረፍተ ነገር እዚህ ሱዳን፣ ግማሹ ጎንደር። እኔ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ ማንበብ አያቅተኝም። ያቃተኝ ማየት ነው።

ስለዚህ አንባቢያችን ጎረቤታችን መምህሩ ሆነ። ድሮ ጎንደር አካባቢ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ ቢያክልም ያያል። ከሰዓት በኋላ እኛ ሴቶቹ ከእንጨትና ከሣር በተሠራው ራኩባ ጥላ ሥር ሰሊጥ እንነፋለን፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነብልናል። ሻይ ይቀርብለታል፤ ስኳሩም እንደሚወደው ሦስት ማንኪያ።

ማንበቢያው ገጽ በተገለጠ ቁጥር አንዴ ጥቁር ይልና ይመለሳል። አንድ ቀን ሾፌሩ የመበለቷን በር ሲያንኳኳ ማንበቢያው ሁለቴ ጠቆረ። በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ሾፌሩ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጎማ ስለመቀየር ያስባል።

«መምህር፣ በሩ ተከፈተለት ወይስ አልተከፈተለትም?»

«እትዬ፣ ለታሪኩ አስፈላጊ አይደለም።»

«ሁለት ገጽ ገለጥክ።»

«ለናንተ የማይመጥን ነገር ነው።»

ለኛ የማይመጥን! እኔ ሰባት ወልጃለሁ። ሰባቱም በጎማ ቅየራ አልመጡም። ይኼንኑ ነገርኩት። ሴቶቹ ወንፊታቸውን ጥለው ሳቁ፣ እሱ ግን ማንበቢያውን አጥፍቶ «የሚሻል አንባቢ ፈልጉ» አለ።

በማግስቱ ማንበቢያውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ሱዳናዊ ጋ ወሰድኩት። ጎልማሳ ነው፣ ትሑት ነው።

«ያ ሐጃ፣ አልተበላሸም እኮ» አለኝ፤ ለነሱ ትልቅ ሴት ሁሉ ሐጃ ናት።

«ለኔ ተበላሽቷል። ፊደሉን አላይም።»

አገላበጠው። አብሮት የመጣው ፕሮግራም እንዲህ ያለ ገጽ ማጉላት እንደማይችል፣ ሌላ የንባብ ፕሮግራም ግን እንዳለ አስረዳኝ። ያኛው የገጹን ጠርዝ ቆርጦ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ አንሥቶ፣ አጉልቶ እንደገና ይደረድራቸዋል። የማንበቢያው ሠሪዎች ግን ሌላ ፕሮግራም ሲጫንበት ደስ አይላቸውም አለ።

«ሠሪዎቹ ገዳሪፍ መጥተው ያነቡልኛል?»

«ላ፣ አይመጡም።»

«እንግዲያውስ ጫነው።»

ጫነው። ፊደሉ አውራ ጣቴን አከለ። ከደስታዬ ብዛት፣ እዚያው ቆሜ ልሞክረው እንኳ ሳላስብ በሪክሻ ባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ። ሴቶቹን ሰበሰብኩ። መምህሩም መጣ፤ አልተጠራም፣ ወንበሩ ላይ ግን ተቀመጠ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ፦

«ነቃች ማልዳ ሴትዮዋ። ወጣች ደጅ ወደ ለብሳ ነጠላዋን።»

ሴቶቹ ተያዩ። እኔ ጥፋቱን የራሴ አደረግሁት። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ያ ሁሉ ትምህርት ከጭንቅላቴ ተንኖ የጠፋ መሰለኝ። መምህሩ ሻዩን ፉት አለና «ንባቡ ከናንተ ጋር ይሁን» አለ።

ነገሩን ያወቀችው ምራቴ ናት። እዚህ ያደገች ስለሆነች ዐረብኛ ታነባለች። በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየችና «እማ፣ ሰውዬው ለዐረብኛ ነው ያዘጋጀው! ቃላቱን ከቀኝ ወደ ግራ ነው የደረደራቸው» አለች። ወደ ምርጫዎቹ ገባች፣ አንድ ቦታ ነካች፣ «ኻላስ፣ በቃ» አለች። ሴትዮዋ ማልዳ ነቃች። ነጠላዋንም እንደ ሰው ለብሳ ወደ ደጅ ወጣች።

«ከመጀመሪያው እንጀምራለን» አልኩ። «አንድ ቃል አይዘለልም። መጽሐፉ የሁላችንም ነው፤ ማንም ለማንም አይመርጥም።»

ቀስ እያልኩ፣ አንዳንዴም ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ። በሩ ላይ ስንደርስ ተከፈተ። የሆነውን ሁሉ አነበብኩት፤ መምህሩ መነጽሩን ደጋግሞ ጠረገ። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል የሚወራለት ነገርም አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ግን የመበለቷ አማት መጣች። ይቺን ሴት እስከዚያ ድረስ አናውቃትም ነበር። ስኳሩን በሣጥን ቆልፋ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ታኖራለች። ምራቷ ስትናገር በር ሥር ቆማ ታደምጣለች። እንጨት አብዝተሽ አነደድሽ ትላለች። የኔም የስኳር ቁልፍ በዚያች ሰዓት ደረቴ ላይ ነበር፤ ቀዝቅዞ ይሰማኝ ጀመር። የሚቀጥለውን መስመር በዓይኔ ቀድሜ አየሁትና ጣቴን አሳረፍኩ። አንዴ። ደገምኩ።

«እማ፣ ሁለቴ ጠቆረ» አለች ምራቴ፣ ዓይኗን ከወንፊቱ ሳታነሣ።

«እጄ አዳልጦኝ ነው።»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ተመለሺ።»

ሴቶቹ ሁሉ መንፋት አቆሙ። ተመለስኩ። አማትየዋ የሰደበችውን ስድብ ሁሉ፣ ምራቲቱ በልቧ የመለሰችላትንም ሁሉ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ምራቴ በየመስመሩ «እህ» ትላለች። አንዷ ጎረቤቴ በሳቅ ወድቃ አንድ ወንፊት ሙሉ ሰሊጥ ደፋች።

ገጹ ሲያልቅ መምህሩ ወደኔ ዘንበል አለ። «እትዬ፣ ይቺን አማት እኮ ቀድሜ አንብቤ ልዘላት ያሰብኩት ላንቺ ብዬ ነበር» አለኝ በሹክሹክታ።

«ማን ጠየቀህ?» አልኩትና የሚቀጥለውን ገጽ ገለጥኩ። አማትየዋ ብሶባት ነበር።