እናቴ ምልክት ያሰረችባቸው ሦስት እንሰቶች

እንሰት ሲያብብ ደስ የሚለው የከተማ ሰው ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ከሰሜን ተመድቦ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ወደ ጉኑኖ አብሮኝ ሲሄድ ባጃጁን አስቁሞ ስልኩን አወጣ። ከመንገዱ ዳር፣ አጥር ውስጥ፣ አንድ ትልቅ እንሰት ከመሃሉ ወፍራም አንገት አውጥቶ ቀላ ያለ አበባውን ወደ ታች ደፍቷል።

«እንዴት ያምራል!» አለኝ።

ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ አየኝ። ሁለታችንም የወላይታ ልጆች ስለሆንን የሰው ገመና እንዳየ ሰው ዓይናችንን ሰበርን። ወዳጄ ፎቶውን አንስቶ ሲጨርስ «እንሂድ» አልኩ። አጥሩ የአባቴ መሆኑን አልነገርኩትም።

እንሰት ከተተከለ በኋላ ዓመታት ይቆያል። እየተነቀለ ከጠባቡ መደብ ወደ ሰፊው ይዛወራል፤ ይህ የወንድ ሥራ ነው። ሲደርስ ቆርጣ፣ ፍቃ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ ቆጮ የምታደርገው ግን ሴት ናት። በጊዜው ካልተቆረጠ ጉልበቱን ሁሉ ለአበባው ይሰጥና ግንዱ ባዶ ሆኖ ይሞታል። ስለዚህ ያበበ እንሰት እዚህ ቤት ሴት የለችም የሚል ከመንገድ የሚነበብ ማስታወቂያ ነው።

አባቴ ሰማንያን አልፏል ብለን እንገምታለን። ሲወለድ የመዘገበው የለም። ሁለት ጊዜ ዘምቷል፤ መጀመሪያ በፈቃዱ ወደ ኦጋዴን፣ ቀጥሎ ፈቃዱን ሳይጠየቅ ወደ ሰሜን። የላከው መንግሥት ሲወድቅ አዲሱ መንግሥት «የጠላት ወታደር ነበርክ» አለው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ምንም አላሉትም፤ እሱም ይህን ከሁሉ የተሻለ መስተንግዶ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሰዎች «ጀግና አባት አለህ» ሲሉኝ ደስ አይለኝም። ስለ ጦርነት ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ አብዛኞቹን የጻፏቸው ያሸነፉ ወይም ያልሄዱ ሰዎች ናቸው። አባቴ ሄዶ ተሸንፎ ተመልሶ በማግስቱ ዶማ ያነሣ ሰው ነው። ከጦርነት ያመጣው ጭኑ ውስጥ የቀረ ብረት፣ አንድ የወታደር ቀበቶና አማርኛ ነው። አማርኛው ትዕዛዝ እንጂ ወሬ የለበትም። እቤት የምናወራው በወላይትኛ ሆኖ ሳለ፣ ሲቆጣ ብቻ «ቁም!» «ዝም በል!» ይለናል። በአማርኛ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ቋንቋውን መጀመሪያ የተማርኩት በቁጣ ነው።

ሠራዊቱ የተበተነ ጊዜ ከሰሜን እስከ ወላይታ ያለውን መንገድ አብዛኛውን በእግሩ መጣ። የወታደር ልብሱን መንገድ ላይ በአሮጌ ጋቢ ለወጠ። እኔ ያን ጊዜ ሶዶ ተማሪ ነበርኩ፤ ሞቷል የሚል ወሬ ቀድሞት ደርሶ ለቅሶ ተቀምጠንለት ነበር። እኩለ ቀን ላይ ግቢው ሲደርስ ቤት ውስጥ ማንም የለም። ከጓሮ የመፋቂያ ድምፅ ይሰማል፣ ክርር፣ ክርር። እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት እየፋቀች ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ወደዚያ አይዘልቅም። ፈንጂ የተቀበረበት ሜዳ አቋርጦ የመጣው ሰውዬ የገዛ ቤቱ ጥግ ላይ ቆመና ሳለ።

እናቴ ታሪኩን ስታወራ እዚህ ላይ ትስቅ ነበር። «ሳሉን አወቅሁት። ሴቶቹ ሙት ተነሣ ብለው ሊበታተኑ ነበር። እኔ ግን እጄ ሁሉ እንሰት ነው። 'ቆይ፣ ልጨርስ' አልኩት።»

«አንድ ሰዓት አቆመችኝ» ይላል አባቴ።

«ግማሽ ሰዓት አይሞላም!»

በዚህ ነገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ከዚያም ወዲህ አባቴ ጓሮ መግባት ሲያሻው፣ እናቴ ብትፍቅም ባትፍቅም፣ ጥጉ ላይ ቆሞ ሳል ያደርግና ትንሽ ይጠብቃል። «ግባ» ስትለው ይገባል።

እናቴ የሞተችው የጊፋታ፣ ማለትም የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ለበዓሉ የሚሆነውን ቆጮ አስባ ከደረሱት እንሰቶች ሦስቱን መርጣ ግንዳቸው ላይ ደረቅ ቅጠል አስራ ነበር። ምልክቱ ይቆረጡ ማለት ነው። ሳትቆርጣቸው ሄደች።

ለቅሶው እንዳበቃ የእናቴ የሥራ ባልንጀራ የሆነች ጎረቤታችን መጣች። አንደበቷ እንደ መፋቂያዋ የተሳለ ሴት ናት።

«አባ፣ ይፍቀዱልንና እኛ እንፋቃቸው። ለጊፋታ ምን ሊበሉ ነው?»

«ምልክት ያሰረችው ለራሷ እጅ ነው» አለ አባቴ።

«እሷማ አፈር ውስጥ ናት!»

«ይህን ሳላውቅ ቀርቼ መሰለሽ?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች። «ጦርነት ገብተው የወጡት ሰውዬ እንሰት ፈሩ!» ብላ ሄደች። አባቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ ሲል አየሁት። እሺ ግን አላለም።

ከዚያ ስኳር ድንች እየቀቀለ መኖር ጀመረ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሶዶ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ። የማገኘው አንድ ቦታ ነው፣ በሩ አጠገብ፣ የቆሰለውን እግሩን ዘርግቶ። ሁለት ኩባያ አጠገቡ አለ፤ አንዱ ለምን እንደወጣ አልጠየቅሁትም።

ስለ ብቸኝነት ከዚህ በፊት ጽፌአለሁ። ሽማግሌ ብቻውን መኖር ቢፈልግ መብቱ ነው፣ ልጆች የራሳቸውን ፍርሃት ፍቅር እያሉ ይጠሩታል የሚል ነገር። ጽሑፉ ተወዶልኝ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ግን እንደማንኛውም ልጅ ሆንኩ።

«አባባ፣ ሶዶ ይምጡ። ክፍል አለ። ሐኪም ቤት ቅርብ ነው።»

«ከማን ጋር ላወራ?»

«ከእኔ ጋር።»

«አንተ ታነባለህ» አለ።

ደጋግሜ ስነዘንዘው አንድ ቀን ወደ ጓሮው እያየ መለሰልኝ። «ሦስቱም ካበቡ እመጣለሁ። ሦስት እንሰት ያበበበት ቤት ቤት አይደለም።»

ቃሉን የሚያጥፍ ሰው እንዳልሆነ ስለማውቅ በሳምንቱ አልጋ ገዛሁ። ፍራሽ የሸጡልኝ የስልጤ ነጋዴ ሽማግሌ «ለአባት ነው? አላህ ዕድሜ ይስጣቸው! በል ጠንከር ያለውን ስፖንጅ ውሰድ፤ ለስላሳው ሽማግሌ ይውጣል» አሉኝ። ጠንካራውን ወሰድኩ። ክፍሉ በመስኮቱ የዳሞታን ተራራ ያሳያል። ይወደዋል ብዬ ነበር።

መንገድ ላይ ወዳጄ ፎቶ ያነሣው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው በዚህ ክረምት መግቢያ ላይ አበበ። ጎረቤት ሁሉ ከንፈሩን ሲመጥ እኔ ውስጤ ደስ አለኝ። በመላ ወላይታ የእንሰት አበባ ሲያይ ልቡ የሚሞቅ ወላይታ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሦስተኛው ግን ገና ነበር፤ እናቴ ለምልክት ያሰረችው ቅጠል ዝናብ እየወረደበት ጥቁር ሆኗል።

አንድ ቅዳሜ ስመለስ ጎረቤታችን መንገድ ላይ ጠበቀችኝ።

«አንተ ልጅ፣ አባትህ ገበያ ሲወርዱ ገብተን ብንፍቀውስ? ይቆጣሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። ምግብ እኮ ነው!»

እሺ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። «ተይው» አልኳት። «እሱ የፈለገው ይሁን።»

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «እሳቸው የፈለጉት ነው?» አለችና አለፈች።

ጊፋታ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ባዶ ሻንጣ ይዤ ሄድኩ። ለልብሱ ነው። ሦስተኛው በእነዚህ ቀናት አንገቱን ማውጣት ነበረበት፤ ስንገናኝ ምን እንደምለው ባጃጅ ውስጥ ስለማመድ መጣሁ። አባቴ በሩ አጠገብ የለም። ሁለቱ ኩባያዎች ታጥበው ተደፍተዋል። ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ።

ክርር። ዝም። ክርር።

ጎረቤታችን ሳታስፈቅድ ገባች ብዬ ተናደድኩ። ቀጥዬ ደግሞ የማልጽፈውን ሌላ ነገር አሰብኩ፣ ለአንድ አፍታ። ወደ ጥጉ ሮጥኩ።

«ቁም!»

በአማርኛ ነው። ቆምኩ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ወንድ አይገባም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ልርዳዎት?»

«አንተ ስለ እንሰት ጻፍ።»

ከቆምኩበት አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሦስተኛው እንሰት ወድቋል። አባቴ በእናቴ ዘንበል ያለ ሳንቃ ፊት መሬት ላይ ተቀምጧል። ሴቶች ሲፍቁ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ አንሥተው የእንሰቱን ልጥ በተረከዛቸው ሳንቃው ላይ ይይዙታል። የአባቴ እግር እስከዚያ አይነሣም። ስለዚህ ልጡን በወታደር ቀበቶው ከሳንቃው ጋር አስሮታል። በእናቴ የቀርከሃ መፋቂያ አንድ ጊዜ ይስባል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይስባል። ፍቅፋቂው ውስጥ ቃጫው አብሮ ይገባል። እናቴ ብታየው ሁሉንም ትደፋው ነበር።

አንገቴን መለስኩና ጠበቅሁ። አንድ ሰዓት ይሆናል። ግማሽ ሰዓትም ላይሞላ ይችላል።

ሲወጣ እጁ እስከ ክርኑ ቡናማ ሆኗል። ቆዳውን ያሳክከዋል መሰለኝ ይፈትገዋል። ጆግ ውሃ አምጥቼ አፈሰስኩለት።

«ተበላሽቷል» አለ። «ግን ለጊፋታ ይደርሳል።»

«ይደርሳል።»

«ሻንጣው ምንድን ነው?»

«ባዶ ነው» አልኩት። ስለማመደው የመጣሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ የወጣው ሌላ ነው። «አባባ፣ ሴትዮዋ ልትፍቅልዎ ፈልጋ ነበር። የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

እጁን ማሸቱን አላቆመም።

«ነግራኛለች» አለ።

ውሃው አለቀ። ጆጉን ይዤ ቆምኩ። እሱ እጁን በጋቢው ጫፍ አድርቆ ሻንጣዬን አነሣ፣ ወደ ቤት ገባና ስኳር ድንች ሞልቶ መለሰልኝ። ከበደኝ። ስለ ሶዶ እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ። አልጋው አሁን መጽሐፍ ተቆልሎበታል።

«ጊፋታ ና» አለኝ። «ቃጫውን እያወጣን እንበላለን።»

አጥሩን አልፌ ሻንጣውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሳዛውር ወደ ኋላ ተመለከትኩ። አባቴ የቀረውን ሊጨርስ በእግሩ እያነከሰ ወደ ጓሮ እየሄደ ነው። የቤቱ ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሳል አደረገ።

ትንሽ ጠበቀና ገባ።