ዝጊው ልጄ

የሙዚየማችንን የቅዱሳን ሥዕሎች ክፍል የሚጠብቁት ሴትዮ በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀትም አንገታቸውን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልለው ነው የሚቀመጡት። እዚህ ሩማንያ የመስኮት ነፋስ የማይፈራ ባይኖርም፣ የእሳቸው ግን ይለያል። ሥዕሎቹን የምንከባከበው እኔ፣ የጎብኚው ትንፋሽ ክፍሉ ውስጥ ታምቆ እንዳያረጥባቸው መስኮቱን እከፍታለሁ፤ ዞር ስል ይዘጉታል። የእርጥበት መለኪያው መጮህ ይጀምራል። በእመቤታችን ሥዕል ጠርዝ ላይ ሻጋታ ብቅ ብሏል።

«እትዬ፣ ስለ እግዜር! ሥዕሉን እያጠፉብኝ እኮ ነው!» አልኳቸው ዛሬ፣ መስኮቱን መልሼ እየከፈትኩ።

«ዝጊው ልጄ፣ ሕፃኑን ብርድ ይመታዋል» አሉ፣ በእናቱ እቅፍ ያለውን እያዩ።

ሳቄ መጣ። «ሥዕል እኮ ነው!»

«የኔም እንዲህ ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «ትንሽ አየር ያግኝ ብዬ መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

መለኪያው ይጮኻል። እኔ ግን እጀታውን ይዤ መስኮቱን ራሴ ዘጋሁት።