ለድንጋይ የተገዛ መብራት

ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ኮራል የሚባለውን ፍጥረት ግን በየዓመቱ በጠመኔ እየሣልኩ፣ «ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ አፍ አለው» እያልኩ በድፍረት አስተምሬአለሁ። ማን ሊጠይቀኝ? ተማሪዎቼ ዓሣን የሚያውቁት ከጫሞ ሐይቅ ወጥቶ ተጠብሶ ሲቀርብ ነው።

ጎረቤቴ የነበረ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የመስታወት ገንዳውን ከነጨው ውኃውና ከነኮራሉ ትቶልኝ ሄደ። የዚያን ቀን ከደስታ ብዛት ምሳም አልበላሁም። ባለቤቴ ገንዳው ሳሎኗ ሲገባ ወገቧን ይዛ አየች።

«ዓሣው የታለ?»

«ዓሣ የለውም። ይሄ ራሱ እንስሳ ነው።»

ጎንበስ ብላ አፈጠጠችበት። «አፉስ?»

«ይከፍታል፣ ታገሺ።»

«የጡረታ ነገር!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመለስ የገንዳውን መብራት አቃጠለው። ኮራሉ ተጨማደደ፤ ቀን በቀን ይገረጣ ጀመር። ዕድሜዬን ሙሉ ያወራሁለት ፍጥረት አፉን አንዴ እንኳ ሳያሳየኝ እጄ ላይ ሊሞት ነው!

አዲስ መብራት ልገዛ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ወረድኩ። ባለሱቁ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ይውሰዱ፤ ጅብ ያባርራል» ብሎ የግቢ ፓውዛ ሸጠልኝ። ብርሃን ሲበዛ ማን ይጠላል ብዬ ገዛሁት። ሳበራው ባለቤቴ ጃንጥላ ዘርግታ ሳሎን ገባች። ኮራሉም ይብሱን ኩምትር አለ።

ያኔ ነው የገዛ ትምህርቴ ትዝ ያለኝ። ኮራል የሚኖረው በውስጡ ሆነው ከብርሃን ምግብ በሚሠሩለት ጥቃቅን ዋቅላሚዎች፣ በአልጌዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ የለመዱት ባሕር ውስጥ ጠልቆ የሚደርሰውን ሰማያዊ ብርሃን ነው። አይ መምህር! ታዲያ እዚህ ከተማ ሰማያዊ መብራት ያለው ማነው? ባጃጅ!

ባጃጅ የሚያስጌጥ አንድ ሰውዬ ቤት መጥቶ ገንዳውን በስንዝር ለካና፣ «ሙዚቃ ሲመታ ብልጭ ድርግም የሚለው ይሁን?» አለኝ።

«የለም፣ የማይጨፍረውን ስጠኝ» አልኩት። ሦስት ዙር ጠመጠመልኝ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ አበራሁት። በመስኮቱ በኩል ሰማያዊው ወገግታ እስከ መንገዱ ወጣ። እኛ ሰፈር ሲመሽ ባለቀለም መብራት የሚያበራ ቤት ምን እንደሚሸጥ ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ እኔ ብቻ ረሳሁት። ረቡዕ ደግሞ የባለቤቴ የጸሎት ኅብረት እኛ ቤት የሚሰበሰብበት ቀን ነው። እህቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ ሁለት ሰዎች ሰተት ብለው ገብተው ተቀመጡ። አንደኛው አስተናጋጅ ቢያጣ ጊዜ አጨበጨበ።

«አሜን!» አሉ እህቶች፤ እነሱም ያጨበጭቡ ጀመር።

ሰውዬው ደነገጠ። በዕድሜ ትልቋ እህት ዓይናቸውን ሲገልጡ አዲሶቹን እንግዶች አዩና፣ «ጌታ ነው ያመጣችሁ!» ብለው አቀፏቸው። እነሱም እስከ መጨረሻው ጸለዩ፣ ዳቦና ሻይም ቀመሱ። ስሸኛቸው አጨብጫቢው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ቢራ ግን የላችሁም?» አለኝ።

ባለቤቴ በሩ እስኪዘጋ ብቻ ነው የጠበቀችው። «ቤቴን ግሮሰሪ አደረግከው! ነገ ጠዋት ወይ ያ መብራት ይወጣል፣ ወይ እኔ እወጣለሁ!»

እውነቷን ነው። መብራቱ ከወጣ ደግሞ ኮራሉ አለቀለት። እንደበራ ትቼው ተኛሁ።

ጠዋት ልትነቅለው ራሷ ተነስታ ሄደች። ብጠብቅ ድምፅ የለም። ብወጣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቁጢጥ ብላለች። ኮራሉ ከፍቷል። አንድ አፍ መስሎኝ ነበር፤ ስንትና ስንት ናቸው፤ በየዙሪያቸው እንደ ሽፋሽፍት ያለ ነገር ይወዛወዛል። እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ዘመን እንዲህ ያማረ አድርጌ ሥዬው አላውቅም።

ባለቤቴ ብድግ ብላ ሣጥኗን ከፍታ ለክብር እንግዳ ብቻ የምታወጣውን የዶርዜ ጋቢ አወጣች፤ አጥፋ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው፤ ወደ ውጭ የሚወጣ ብርሃን አለመኖሩን አረጋገጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በቁጣ፣

«አንተ ጨካኝ!» አለችኝ፤ «ይሄ ሁሉ አፍ እስከ ዛሬ ምን ሲበላ ከረመ?»