ምሳሌው የተቆረጠ ማስታወሻ

ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ከመኝታ ክፍል አይሰፋም። ሁለት ማባዣ ማሽኖች፣ አንድ ኮምፒውተር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ወረቀት፤ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ደግሞ እዚያው ወንበር ላይ ሽበት የጀመራት አንዲት ሴት። ተማሪዎቹ «ዲኗ» ይሏታል። ስሙ በሹፈት ወጥቶ በዚያው ጸና። በኮሌጁ የሚሰጥ ትምህርት ሁሉ በእጇ ያልፍ ነበርና ሹፈቱም ከእውነት ብዙ አልራቀም።

መምህራኑ ማስታወሻቸውን በእጃቸው ጽፈው ይልካሉ፤ እሷ ትተይባለች፤ ባለሱቁ ያባዛል፤ ተማሪው ይገዛል። መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ነበር የምትተይበው። ኋላ ላይ ባለሱቁ ረጅም ማስታወሻ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ፣ አጭሩ ግን ሳይቀዘቅዝ ሲሸጥ አስተዋለ።

«እነዚህ ልጆች የፈተና ዋዜማ ነው ትምህርት ትዝ የሚላቸው» አላት። «ሁሉንም በአንድ ወረቀት፣ ከፊትና ከጀርባ አድርጊልኝ።»

«ምኑን ላውጣው፣ ጋሼ?»

«የማይጠየቀውን ነዋ!»

የማይጠየቀውን በጊዜ ብዛት ለየችው። ፈተናው ትርጉም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ትርጉም ይቀመጣል። «ለምሳሌ» ከሚለው ቃል ጀምሮ እስከ አንቀጹ መጨረሻ ያለው ይወጣል። ፊዚክስም ይሁን ሥነ ልቦና፣ ባዮሎጂም ይሁን ኢኮኖሚክስ፣ መቁረጫው አንድ ነው። ከላይ «መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች» ብላ በደማቁ ትጽፍና ከሥሩ ትርጉሞቹን ትደረድራለች። ንጹሕ ሥራ ነበር። መምህራኑም ቢሆኑ አልተቀየሙም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከራሳቸው ጽሑፍ ይልቅ በእሷ ወረቀት ማስተማር ጀመሩ።

በዚህ መሐል ሁሉንም እንደ ውሃ ጠጣችው።

«ዲኗ፣ ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» ይላል አንዱ ተማሪ፣ ተራውን እየጠበቀ።

«ውሃ በከፊል አስተላላፊ በሆነ ስስ ሽፋን በኩል ከቀጭኑ ብጥብጥ ወደ ወፍራሙ የሚያደርገው ጉዞ» ትላለች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

«ኧረ እቺ ሴትዮ ተኝታም ታስተምራለች!»

«አንተ ደግሞ ነቅተህም አትማር» ትላለች፤ ሳቅ ይሆናል።

ከሚስቁት መካከል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን እንዳልጨረሰች የሚያውቅ አልነበረም። አባቷ ሲሞት ታላቅ እህቷ ትምህርቷን ትታ ስፌት ገባች። እሷ ቀጠለች። የመጨረሻው ክፍል ላይ ስትደርስ እናታቸው አልጋ ያዘች። አንዷ ልትሰፋ፣ አንዷ ልታስታምም ግድ ሆነ፤ የመልቀቂያውን ፈተና ሳትፈተን ቀረች። እናትየዋ ቶሎ አልዳነችም፣ ቶሎም አልሞተች። የኋላ ኋላ ስትቀበር ልጅቷ ሴትዮ ሆና ነበር።

ኮሌጁ የትምህርት ማስረጃ ሳይኖራቸው ብዙ ዘመን የሠሩ ሰዎችን በቃል ፈትኖ ወደ ማታው ክፍል ያስገባ ነበር። አንድ ቀን ይኸው ማስታወቂያ እንድትተይበው መጣላት። አሠራሩ የሚቆይበት የመጨረሻ ዓመት ይህ መሆኑን ከግርጌው አነበበች። ከተባዛው አንዱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እህቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሂጂ እንጂ! ኮሌጁን ጠቅልለሽ ውጠሽው በር ላይ ምን ያስቆምሻል?»

«ብወድቅስ?»

«ብትወድቂ ከተቀመጥሽበት ዝቅ አትዪም» አለች እህቷ፤ ከተራረፈ ጨርቅ ጃኬት ልትሰፋላትም በዚያው ለካቻት።

የፈተናው ክፍል ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ከጀርባው ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል። አንዱ ሸምገል ያሉ የኢኮኖሚክስ መምህር ናቸው። ሌላዋ ወጣት ናት።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አለቻት ወጣቷ። «እኔ እኮ ዲግሪዬን ያገኘሁት በእርስዎ ወረቀት ነው።»

ሽማግሌውም ፈገግ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች እንደ ጨዋታ አለፉ። ፍላጎትና አቅርቦት፣ ኦስሞሲስ፣ ኢነርሺያ፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይወጣል። ወጣቷ መምህርት ነጥብ የምትጽፍበትን እስክሪብቶ በደስታ ታንቀሳቅሳለች። ሴትዮዋ ጃኬቱ ሲሞቃት ተሰማት፤ ግን ደግ ሙቀት ነበር።

«አማራጭ ዋጋ ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አንድን ነገር ስንመርጥ፣ በእሱ ምክንያት ከተውናቸው ነገሮች ሁሉ የሚሻለው ነው።»

«ግሩም። አንድ ምሳሌ ስጪኝ።»

ምሳሌውን ፍለጋ ዓይኗን ጨፈነች።

የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ፊቷ ድቅን አለ። ሰማያዊ ቀለም። ስለ አንድ ገበሬና ስለ እርሻው የሚያወራ ነገር ነበረው። ወደ ሁለተኛ ወረቀት ይተርፍባት እንደነበር አስታወሰች፤ እንደ ቆረጠችውም አስታወሰች። ገበሬው በእርሻው ላይ ምን እንዳደረገ ግን ከየትም አልመጣ አላት።

«ከመጽሐፍ አይደለም፣ እህቴ። ከኑሮሽ። አንዱን መርጠሽ ሌላውን የተውሽበት ጊዜ የለም?»

«አንድን ነገር ስንመርጥ፣ በእሱ ምክንያት...» ብላ ትርጉሙን ከመጀመሪያው ጀመረችው።

«ቀለል አድርገው ያስቡት፣ እትዬ፤ አሁን በእግር መሄድና በአውቶቡስ—» አለች ወጣቷ። ሽማግሌው እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሟት።

«እሺ፣ ይሄ ይቅር። ኢነርሺያን ቅድም በደንብ ነግረሽናል። የት አየሽው?»

የት አየችው? «አንድ አካል ካለበት የእንቅስቃሴ ሁኔታ ላለመለወጥ ያለው ባሕርይ» ብላ ተይባዋለች እንጂ አላየችውም። በየቀኑ የምትሳፈርበት አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የሚወረውራት ነገር ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጋር ዝምድና እንዳለው አንድም ቀን በልቧ አልፎ አያውቅም። ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ቀረች።

«ቃሉን ይዘሽዋል» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነገሩን ግን አልያዝሽውም። ያለ ነገሩ ደግሞ ክፍል ውስጥ ትሰቃያለሽ።»

ምሳሌውን ጽፈውት እንደነበር፣ የቆረጠችውም እሷ እንደሆነች ልትነግራቸው ፈለገች። አልነገረቻቸውም። አመስግና ወጣች።

ውጤቱን ወጣቷ መምህርት ሱቁ ድረስ መጥታ ነገረቻት። «ዘንድሮ የመጨረሻው ባይሆን ኖሮ፣ እትዬ...» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። ባለሱቁ የሰማ እንዳይመስል ወረቀት ያስተካክል ጀመር።

ማታ ቤት ስትገባ እህቷ ከፊቷ አነበበችው፤ መኪናውን አቆመች።

«ምን ጠይቀውሽ ነው?»

«አንዱን መርጠሽ የተውሽው ነገር አለ ወይ አሉኝ።»

«እና ምን አልሽ?»

«ምንም።»

እህቷ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። «ምንም? ትምህርትሽን ትተሽ እማዬን ማስታመምሽ የት ሄደ?»

«እሱ እኮ...» አለች። «እሱን እንደ ተውኩት ነገር አስቤው አላውቅም። እማዬ ናት እኮ።»

«እኔስ? እኔም አልታየሁሽም?»

እህቷ ፊቷን ወደ ስፌቱ መለሰች። መርፌው ጨርቁን ሲወጋ ድምፁ ያን ምሽት ከወትሮው የፈጠነ ነበር። ሁለቱም ራት አላሰቡም።

በሚቀጥለው ሳምንት የፈተና ወቅት ደረሰ፤ ባለሱቁም የኢኮኖሚክሱን ማስታወሻ እንደ አዲስ አዘጋጂው አላት። ትርጉሞቹን ደረደረች። አማራጭ ዋጋ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያም ከሥሩ ጻፈች፦ «ለምሳሌ፣ አንዲት ልጅ የታመመች እናቷን ለማስታመም ትምህርቷን ብታቋርጥ፣ የማስታመሟ አማራጭ ዋጋ ትምህርቷ ነው። እህቷ ደግሞ ከእሷ በፊት ለስፌት ብላ ትታዋለች።»

ባለሱቁ ከማሽኑ የወጣውን ናሙና አንስቶ አገላበጠው።

«ይሄ ወደ ሁለተኛ ወረቀት አልፏል።»

«ምሳሌ ስለጨመርኩ ነው፣ ጋሼ።»

አነበበው። ቀና ብሎ አያት፤ ብዙ ዘመን ያወቃት ሰው ነውና ገባው።

«ልጆቹ አይገዙትም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ምን ላድርግ? አይገዙትም።»

በር ላይ ሁለት ተማሪዎች ቆመዋል። «ዲኗ፣ የኢኮኖሚክሱ አልደረሰም እንዴ? ነገ እኮ ነው!»

«ደርሷል» አለች። ከ«ለምሳሌ» ጀምራ እስከ አንቀጹ መጨረሻ መረጠችው፤ አጠፋችው። ወረቀቱ አንድ ሆነ። ማሽኑ ማባዛት ሲጀምር ተነስታ የሌላውን ማሽን ባዶ መሳቢያ በወረቀት ሞላች።